ስምንት ችካል በሱሉልታ
እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ምን እንደምንፈልግ አናውቅም። ግማሽ ዕድሜያችንን ቤት ስንጠብቅ እንፈጅና፣ ቤቷ ስትገኝ ደግሞ «ምነው አንድ ቀን ሜዳ ላይ ባደርኩ!» ያሰኘናል። ጥጋብ ነው እንዳትሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያጠግበዋል? ብቻ ያምረናል።

ወዳጄን ዘሪሁንን እንዲህ ያማረው የማስተር ፕላኑ ግርግር በተጋጋለበት ኅዳር ነው። ድንኳን ገዝቶ ከች አለ። «አገሩ ታምሶ የምን ሽርሽር ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሱሉልታ እኮ ጓሯችን ናት! ኮረብታዋን ቀስ እያልን ወጥተን መመለስ፣ ማደር፣ አለቀ። ፖለቲካ ምን አገባን?» አለኝ። እኔም ሞኙ ተከተልኩት።

ሣሩ ታጭዶ ከተከመረበት መስክ ዳር ደረስን። ዘሪሁን ቦታውን በእርምጃ ለካና ስምንቱን የድንኳን ችካል በድንጋይ እየመታ ቸክሎ ድንኳኗን ወጠረ። ከዚያ ኮረብታዋን ተያያዝናት። ኮረብታ አልኳት እንጂ የአገሬው እናቶች ሸክም ይዘው እያወጉ የሚወጧት ዳገት ናት፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ አረፍኩባት። ከአናቷ ላይ ቁልቁል ብናይ፣ ድንኳናችን በሰው ተከብባለች።

ወረድን። ከፊት የቆሙት የመስኩ ባለቤት፣ ኦቦ ረጋሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርቱ?» አልኩ፣ የማውቀውን ኦሮምኛ ሁሉ ባንድ ጊዜ አውጥቼ። «ፈያ» አሉኝ፤ ፊታቸው ግን ደህና አልነበረም።

«ምን ልትሠሩ ነው?»

ዘሪሁን ፈገግ ብሎ፣ «ካምፕ ነው አባባ!» አይል መሰላችሁ?

እግዚኦ! እዚያ አገር ካምፕ ማለት ወታደር የሚሰፍርበት ነው፤ ካልሆነም የመንገድ ተቋራጭ አጥሮ የሚቀመጥበት። ለአንድ ሌሊት የመጣ ካምፕ ታይቶ አይታወቅም። ሰዉ በኦሮምኛ አጉረመረመ፤ እኔ የለየሁት «ማስተር ፕላን» የምትለዋን ብቻ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እነሱ ደግሞ የጠረጠረም ሲመነጠር አይተዋል።

«ስትለኩ አይተናችኋል» አሉ ኦቦ ረጋሳ። «በወንድሜ ማሳም እንዲሁ ነው የጀመሩት። መጀመሪያ ችካል፣ ቀጥሎ አጥር። እኔ ከዚህ መስክ ሌላ የለኝም።»

ልፈር ወይስ ልፍራ? ግራ ገባኝ። «አባባ፣ እኛ መሬት ለኪዎች አይደለንም። ሜዳ ላይ አድረን ልንሄድ ነው።»

«ቤት የላችሁም?»

«አለን።»

ለሰዉ ተረጎሙለት። ማንም አልሳቀም። «እኛ እኮ ሜዳ ላይ እንዳናድር ነው የምንጮኸው፣ ልጄ» አሉ።

ዘሪሁን ላብ በላብ ሆኖ ችካሎቹን ነቀለ፤ እሳቸው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ደፈኑ። የመጨረሻዋን ሲደፍኑ ፊታቸው ፈታ አለ። እንግዳ መሆናችንም ያኔ ትዝ አላቸውና ከቤት እርጎ አስመጡልን። ተመስገን፣ አለፈልን ብዬ ጠጣሁ።

«ቤትህ የት ነው?» አሉኝ እየጨመሩልኝ።

«ለገጣፎ በኩል ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ዕጣ ወጥቶልኝ።»

«እሰይ። ቦታውን ማን ያርሰው ነበር?»

ያን ቤት ስጠብቅ ያልጠየቅሁት ነገር አልነበረም፤ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ይገጠማል ስለተባለው ሊፍት ሳይቀር። ይህችን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አልኩ። እርጎውን መጨረስ አቃተኝ።