ደጋግሜ የጣልኳት ዱላ

ስለ ምጥ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ያልወለደ ሰው ፈልጉ። የወለደችው ዝም ትላለች፤ ወይ ረስታዋለች፣ ወይ ማስታወስ አትፈልግም። ያልወለደው ግን ያብራራል። በዕድሜዬ ስለ ምጥ ረጅሙን ንግግር ያደረገልኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ እሱም ወንድ፣ ከዚያም በላይ ወንደላጤ።

እሱን ያስታወሰችኝ ባለፈው ሳምንት ልትጠይቀኝ የመጣችው ልጄ ናት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ስልኳን እየነካካች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«እማዬ፣ ዱላ ልቀጥር ነው» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ባሏን አውቀዋለሁ፤ ዝንቡን እሽ የማይል ልጅ ነው።

«ማንን ልታስደበድቢ?»

«ውይ እማዬ… ዱላ እኮ በምጥ ጊዜ አጠገብሽ የምትሆን ሴት ናት። አዋላጅ አይደለችም፤ መድኃኒት አትሰጥም። ወገብሽን ትይዛለች፣ ታዋራሻለች፣ ታበረታታሻለች። ውጭ አገር የተለመደ ነው።»

ሰማችሁ? ወገብ መያዝም ከውጭ አገር ሊገባልን ነው።

«ደግሞ አታስቢ፣ የምስክር ወረቀት ያላት ናት» ብላ ጨመረች፣ ልቤን ልታሳርፍ።

«እኔም አንቺን ስወልድ ዱላ ነበረችኝ» አልኳት። «የኔዋ ግን የምስክር ወረቀት አልነበራትም።» ለምን እንዳልነበራት ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የድሬዳዋ ልጅ፣ ባሕር ዳር በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁ፣ የሃያ አራት ዓመት ሴት። ባሌ ፋብሪካ ይሠራል። የመውለጃዬ ወር ሲገባ ለሦስት ሳምንት ሴሚናር አዲስ አበባ ተጠራ፤ ርዕሱ ስለ አዲሱ ሰው አፈጣጠር ነበር። አዲሱ ሰው እቤቱ ሊፈጠር መሆኑን ቢያመለክትም የሰማው የለም። እናቴ ልትመጣ ሻንጣዋን ካዘጋጀች ወር አልፏታል፤ የይለፍ ወረቀቷ ግን ድሬዳዋ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማኅተም ይጠብቃል። ማኅተሙን የያዘው ጓድም ሴሚናር ሄዷል።

እና ፈርቼ ነበር። በጊዜው ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ፈርቼ ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት በወሊድ ነው የሞተችው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ለልቅሶ ሄዶ እቤት ብቻዋን ነበረች፤ ሲደርሱላት አልፏል። እኔ የፈራሁት ምጡን ብቻ አይደለም፤ እንደሷ ማንም ሳይኖር እንዳይዘኝ ነው።

ከሥራ መልስና ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ግቢ፣ ዋርካ ሥር፣ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ከፊተኛው ረድፍ የሚቀመጡት እማማ የሻረግ ናቸው። የደቅ ደሴት ሰው፤ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሐይቁን ተሻግረው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የባላቸው መቋሚያ ከእጃቸው አይለይም። ተማሪው ሁሉ «ጓድ መምህርት» ሲለኝ እሳቸው ብቻ «የኔታ» ይሉኛል። የኔታ ሲሉኝ ጢም ያበቀልኩ እየመሰለኝ አገጬን እዳስሳለሁ።

እማማ የሻረግ ፊደል አልገባ ብሏቸው ሦስት ጊዜ ወድቀዋል። የጣልኳቸው እኔ ነኝ። መጽሐፉን ዘቅዝቀው ነው የሚይዙት። አንድ ጊዜ «ላም» የሚለውን አስነበብኳቸው፤ ከቃሉ በላይ ላሟ ተሥላለች። ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩና፣

«በግ» አሉ።

«እማማ፣ እስቲ ቀንዷን ይመልከቱ።»

«እሷማ የተቆጣች በግ ናት።»

ያለፈ ተማሪ ወደ ማጠናከሪያ ክፍል፣ ወደ ሌላ መምህር ይዛወራል። የእኔ ክፍል ሁሉ ተዛውሮ፣ አዲስ መጥቶ፣ እሱም ተዛውሮ፣ እማማ የሻረግ እዚያው ናቸው። ሊቀመንበሩ በእሳቸው እንቅልፍ አጥቷል። በቀበሌው ፊደል ያልቆጠረ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ከመሃይምነት ነፃ የወጣ ቀበሌ» የሚል ጨርቅ አስጽፎ ቢሮው ጥግ ጠቅልሎ አቁሞታል። እሳቸውን ባየ ቁጥር ጨርቁን ያያል።

ይህ ሊቀመንበር ፊደልንም አንቅቷል። የትምህርት ዝግጅቴን ገና ከማስተማሬ በፊት ሳሳየው፣ ሁለቱን የ«ሰ» ፊደሎች እንደተማርኩት «እሳቱ ሰ» እና «ንጉሡ ሠ» ብዬ ጽፌያለሁ። እርሳሱን አነሳ።

«ጓድ፣ የምን ንጉሥ?»

«የፊደሉ ስም ነው።»

«ስሙ ይስተካከል።»

ንጉሡ ሠ በዚያች እርሳስ ተሰርዞ «ሠርቶ አደሩ ሠ» ተባለ። ጸሎቱ ጸም ከሥራው ታገደ። ብዙኃኑ ኀ ብቻ፣ በአቋሙ እንከን ስላልተገኘበት፣ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። ስለዚህ ዋርካው ሥር «ንጉሡ ሠ» የሚባል ስም አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

የእማማ የሻረግ አራተኛ ፈተና ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሊቀመንበሩ ጨርቁን በብብቱ ይዞ መጥቷል። እኔ ከንጋት ጀምሮ ወገቤን ይዞ ይለቀኛል፤ ካልተናገርኩት የሚቀር ይመስል ለማንም አልነገርኩም። መጽሐፉን ከፍቼ «ይቺን ያንብቡ» ስል ያዘኝና ጠረጴዛው ላይ ተደገፍኩ። እማማ የሻረግ አላነበቡም። ላሟንም አላዩም፤ እኔን አዩኝ።

«መቼ ጀመረሽ?» አሉ።

«ምን?»

«የኔታ፣ እኔን አትዋሽኝ።»

ሊቀመንበሩ ነገሩ ሲገባው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ፣ አትደናገጪ። ምጥ ማለት የአሮጌውና የአዲሱ ትግል ነው። በዚህ ትግል ውስጥ ሦስት ምዕራፎች ሲኖሩ፣ አንደኛው…»

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እኔ እንደገና ያዘኝ። እማማ የሻረግ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ልጄ፣ አንተ ስንት ወልደሃል?»

«እኔ… አልወለድሁም።»

«እንግዲያው መንገድ ልቀቅ።»

በጋሪ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። አዋላጇ ነርስ አየችኝና «ገና ነሽ፤ ሲቀራረብ ትመለሻለሽ፤ እስከዚያው ቀስ እያልሽ ተራመጂ» አለችኝ። እማማ የሻረግ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘውኝ ወረዱ። ነፋስ አለ፣ ጥላ አለ። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይገባሉ። ምጡ ሲመጣ መቋሚያውን በሁለት እጄ ያስይዙኝና ከኋላ ወገቤን በቡጢያቸው ደገፍ ያደርጉታል። የት ቦታ እንደሚያመኝ ሳልነግራቸው ያውቁታል። ሲለቀኝ ያራምዱኛል። አንዴ ሲለቀኝ ሳላስበው አፌ ተናገረ።

«እማማ፣ አክስቴ በወሊድ ነው የሞተችው።»

አይዞሽ፣ አንቺ አትሞቺም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም።

«ማን ነበር አጠገቧ?» አሉ።

«ማንም አልነበረም።»

«አንች እኔ አለሁሽ።»

ይኸው ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ቃል ገብቶልኛል፤ እንደዚያ ያመንኩት ግን የለም።

እኔ ማልቀስ ስጀምር እሳቸው ፈጽሞ ሌላ ወሬ አመጡ።

«የኔታ፣ ፈተናው ስለተቋረጠ የምጠይቅሽ አለኝ። ያች ‹ሀ› ለምን ብዙ ሆነች?»

«አሁን?»

«ታዲያ መቼ? ነገማ አራስ ነሽ።»

መምህርነት ክፉ አመል ነው። በዚያ ምጥ መካከል አስረዳ ጀመር። «ድሮ ድምፃቸው የተለያየ ነበር፤ አንደኛዋ ከጉሮሮ… ኡ… ኡኡ…»

«ሁ ነው እንጅ ኡኡታ የሚባል ፊደል አላስተማርሽንም። ቀጥይ።»

ተናድጄ ቀጠልኩ። አንዱን ሳብራራ አንድ ምጥ ያልፋል፤ ሌላውን ሳርም ሌላው ያልፋል። እሳቸው ሆን ብለው ያጣምማሉ፣ እኔ አቃናለሁ። በሐይቁ ዳር ከአንዱ ዋርካ እስከ ሌላው ስንመላለስ ስንት ጊዜ እንደያዘኝ መቁጠር ተውኩ። መጨረሻ ላይ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ንጉሡ ከወረዱ ይኸው ስንት ዓመታቸው። ንጉሡ ሠ ለምን አልወረደም?»

ምጥ ላይ ሆና የሳቀች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሳቅም መፍራትም ይዞኝ፣ የሰማን ሰው ካለ ብዬ ዙሪያዬን እያየሁ፣ መቋሚያው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።

«በይ ሐይቁ ሞላ፤ ተመለሽ» አሉ እማማ የሻረግ።

እየተቻኮልን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ነው የበራልኝ።

«እማማ፣ ቆይ… ንጉሡ ሠ ያሉት ከማን ሰምተው ነው?»

«ተራመጅ።»

ማዋለጃው ክፍል በር ላይ «ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። እማማ የሻረግ ሊያልፉ ሲሉ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ እዚያ የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም?»

«አልችልም» አሉ ኩራት እየተናነቃቸው። «ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ይችውና የጣለችኝ፣ ጠይቃት።»

ዘበኛው እኔን አየ። እኔም ጥርሴን ነክሼ በራሴ ንቅናቄ መሰከርኩ።

«ምኗ ነዎት ታዲያ?»

«ተማሪዋ።»

የባል ደንብ አለው፣ የእናት ደንብ አለው፤ ስለ ተማሪ ግን የተነገረው ነገር የለም። እያሰበ ሳለ ነርሷ ከውስጥ «ይግቡ፣ ብቻ ዝም ይበሉ» አለች። ገቡ። ዝም ግን አላሉም።

የቀረውን ረጅም ሰዓት አላወራላችሁም፤ ሊቀመንበሩ በምዕራፍ ከፋፍሎታል። ነርሷ ከእግሬ በኩል ሥራዋን ትሠራለች፣ እማማ የሻረግ ከራስጌዬ ግንባሬን ይጠርጋሉ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እኔ ያንን መቋሚያ ይዤዋለሁ። በመጨረሻ ጉልበቴ አለቀ።

«አልችልም እማማ» አልኩ። «እውነቴን ነው፣ አልችልም።»

ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አሉ።

«እኔም ሦስት ጊዜ አልችልም ብየሻለሁ። ውሸቴን ነበር። በይ ግፊ።»

ገፋሁ። ልጄ ተወለደች።

እማማ የሻረግ እልል አሉ። በአገሩ ደንብ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው፤ እሳቸው ሰባቱንም አስነኩት።

«ኧረ እማማ፣ ሴት ናት እኮ፤ ሦስት ነው» አለች ነርሷ።

«ቁጥርም ወድቄያለሁ» አሉ።

አመሻሹ ላይ ልጄን ታቅፌ ተኝቻለሁ። እማማ የሻረግ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ያያሉ። አልዘቀዘቁትም።

«ስምሽን በእሳቱ ሰ ጽፈውታል» አሉ። «ሠናይት በንጉሡ ነው። ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያ አንችም ወድቀሻል።»

ዳዊት ይደግማሉ ለካ። ባላቸው ተማሪ ሲያስቀጽሉ እሳቸው ከጓዳ ሆነው እየሰሙ፣ ማታ ማታ ደግሞ ባላቸው እያስተማሯቸው፣ ሁሉንም ጨርሰውታል። እኔ ያቺን የተቆጣች በግ ሳስነብባቸው በልባቸው ምን ይሉ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ታዲያ ለምን?» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ቢያነቡ ይገላገሉ አልነበር?»

«መጀመሪያስ በሹፈት ነበር» አሉ። «ፊደል የማያውቅ ሁሉ ይምጣ ብለው ሲጎትቱኝ፣ ማን ጠየቀኝና። ኋላ ግን ሆድሽ ገፋ። እናትሽ የለች፣ ባልሽ ከፋብሪካው አይወጣ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ብቻሽን ስትሄጅ አያለሁ። ካለፍሁ ወደ ሌላ መምህር ሊወስዱኝ ነው። ማን ያይሻል? ወደቅሁ።»

አለቀስኩ፤ አራስ ስለሆንኩ ነው አሉኝ።

እናቴ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ባሌ በአሥራ ሰባተኛው ደረሱ። ባሌ ስለ አዲሱ ሰው ወፍራም ማስታወሻ ይዞ መጥቷል፤ አዲሱን ሰው ሲያቅፍ ግን አንገቷን መደገፍ እንዳለበት የነገሩት እማማ የሻረግ ናቸው። ከሁለቱም በፊት የመጣው ሊቀመንበሩ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ከአቋሙ ጋር ስለማይሄድ «እንኳን በድል ተወጣሽው» አለኝና መጽሐፉን አወጣ። ያቋረጥነው ፈተና አለ። ጨርቁ ከበር ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

እማማ የሻረግ ልጄን በአንድ ክንዳቸው እንደታቀፉ መጽሐፉን ተቀበሉ። ዘቅዝቀው ያዙት። ሊቀመንበሩ ወደ በሩ፣ ወደ ጨርቁ አየ። እኔ አፋቸውን አየሁ፤ አንድ ቃል ቢያነቡ የሚሄዱት ከእኔ ክፍል ነው።

«በግ» አሉ።

ሰውየው ጨርቁን ይዞ ሄደ። እርሳስ አንስቼ፣ ትቶልኝ በሄደው የውጤት ወረቀት ላይ ስሜን በንጉሡ ሠ ጻፍኩና፣ ከስሜ ጎን «ወድቀዋል» ብዬ ፈረምኩ።

«አሁን እኮ በሰላም ወልጃለሁ፣ እማማ» አልኳቸው። «ለምን ወደቁ?»

«ሁለተኛውን እስክትገላገይ ጣይኝ» አሉ።

ሦስት ወለድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያንን መቋሚያ ይዤ ነው። ቀበሌው ነፃ ሳይወጣ፣ ጨርቁ ሳይሰቀል ዘመኑ አለፈ።

ይህን ሁሉ ነግሬያት ስጨርስ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ነበር። ሆዷን ዳበሰች፣ ከዚያ ያቺን ልቀጥራት ነው ያለችኝን ዱላ ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ። የምስክር ወረቀቷ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማኅተም አለው።

«ጥሩ ናት አይደል?» አለችኝ።

«ጥሩ ትመስላለች» አልኩ። «ስንት ጊዜ ወድቃለች?»