ከአራቱ የማይመስለው የቱ ነው?

ሽምደዳን ማን እንደፈጠረው ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። ባገኘው ግን አንበርክኬ እገርፈው ነበር።

ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ ሐረር አራተኛ ክፍል ሳስተምር ልጆቹ ከአፌ የወጣውን ሁሉ ይሸመድዱ ነበር። አንድ ቀን ስለ ዋቢ ሸበሌ ሳስረዳ ሳል አቋረጠኝ። በማግስቱ ሲያነበንቡ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ አርባውም ልጅ ሳለ! ኧረ ይሄስ አይሆንም አልኩ።

ስለዚህ የሚያመራምር የመልመጃ ወረቀት በስቴንስል ጻፍኩ። ማባዣ መኪናውን እጄ በቀለም እስኪጠቁር አሽከረከርኩና አደልኳቸው። «ግመል፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ጅብ። ከአራቱ የማይመስለውን ለይና ምክንያቱን ጻፍ» ይላል። እኔ በልቤ ጅብ ብያለሁ። የማይጫነው እሱ ነዋ!

በዚያው ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ኢንስፔክተሩ! ማን ሐረር እንደሚቀር፣ ማን ወደ በረሃ እንደሚዛወር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ሚስቴ የሐረር ልጅ ናት፤ ብትዛወር ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ ብላ ቁርጡን ነግራኛለች።

ወረቀቱን አዩና መልሱ የታለ አሉኝ። መልስ የለውም ጌታዬ፣ በቂ ምክንያት ያለው ሁሉ ልክ ነው አልኳቸው። ታዲያ በምን ታርማለህ ብለው አፈጠጡብኝ። ወደ ልጆቹ ዞረው፣ መልሱ ጅብ ነው፣ ይሄ ምን ያከራክራል አሉ።

ሐሊማ እጇን አወጣች። ቤቷ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ጊዲር መጋላ ገበያ አጠገብ ነው።

«የለም ጋሼ፣ ወላሂ ግመል ነው!»

ለምን? አህያና በቅሎ ጀጎል ይገባሉ። ጅብም ሲመሽ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ጥራጊያችንን ይበላልናል። ግመል ግን ኤረር በር ላይ ጭነቱን አራግፎ ውጭ ይቀራል፤ የሰፈራችን ጠባብ መተላለፊያ አያሳልፈውም። እንግዳው እሱ ነው፣ ጅብማ ጎረቤታችን ነው አለች!

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ ብድግ አለና፣ በቅሎ ነው፣ አባቱን የሚክድ እሱ ብቻ ነው አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። ኢንስፔክተር ፊት እንዲህ ይባላል? እኔ በልቤ ሻንጣዬን ማሰር ጀምሬያለሁ።

እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ግመል! አይ የሐረር ልጅ!» እያሉ ወጡ። በሐሊማ ኮራሁ፤ እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሐረር እቀራለሁ! ወረቀቱም የልጆችን ሐሳብ የሚያነቃቃ ስለሆነ፣ ተባዝቶ ለአውራጃው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይታደል ይላል። እልል ልል ስል ከኋላ አባሪ አየሁ።

«ትክክለኛው መልስ፦ ግመል። ሌላ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ይሰጠው።»

ከሥሩ «የአዘጋጁ ፊርማ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። አሳምሬ ፈረምኩ።