ታን ኢንግራሲያ ማረም ተዉ

ሰውን ሳያርም መዋል የማይችል ሰው የሌለበት መንደር እስካሁን አልተፈጠረም። በጉዋም ደሴት ደቡብ፣ በኛ በኢናራሃን፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ጎረቤቴ ታን ኢንግራሲያ ናቸው፤ «ታን» በኛ አነጋገር «እማማ» እንደማለት ነው። መኪና ሳቆም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!» ይላሉ። ቀዩን ሩዝ ስሠራ ሽታው ብቻ ደርሷቸው «ውኃው አነሰ!» ብለው ይጮኻሉ። አንድ እሑድ ቄሱን ስብከታቸው መሀል አርመዋቸዋል፤ ቄሱም አመሰገኑ፤ ምን ምርጫ አላቸው? የእርማቱ ሁሉ መዝጊያ አንድ ነው፦ «ለራስህ ብዬ እኮ ነው!»

ዓቢይ ጾም ሲመጣ እያንዳንዳችን የምንተወውን እንመርጣለን። እኔ ቢራ፣ ባለቤቴ ቢንጎ። ታን ኢንግራሲያ አምና ፑግዋ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ ማኘክ ትተው፣ በሱስ ንዴት ሰፈሩን አርባ ቀን አመሱት። ዘንድሮ በጾሙ መግቢያ፣ በአመድ ረቡዕ ዕለት፣ ቄሱ የቀቧቸው አመድ ግንባራቸው ላይ እንዳለ አጥሩ ጋ ጠሩኝ።

«ኪን፣ ዘንድሮ ማረም ትቻለሁ።»

ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

«ቢሴንታ ያለችውን ሰምተሃል አይደል?»

መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ታናሽ እህታቸው ታን ቢሴንታ የመቁጠሪያ ጸሎት መሪ ናቸው። ኅዳር ላይ፣ በገዛ ባላቸው ሙት ዓመት ሲመሩ፣ ታን ኢንግራሲያ «ፈጠንሽ!» ብለው አቋረጧቸው። ታን ቢሴንታም መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው «ሁለተኛ በሰው ፊት ካረምሽኝ እህት የለኝም» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ጾሙ ግን የበረታው በኔ ላይ ነው። መኪናዬን አጣምሜ አቆምኩ፤ ዝም። ሩዙን አሳረርኩ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት የታመሙ መስሎኝ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ጨው የለውም ነበር፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጠጡት። ይኼኔ በጣም ፈራሁ።

በስቅለት ጠዋት ታን ቢሴንታ ቤት ጸሎት ነበር። ታን ኢንግራሲያን በመኪናዬ ወሰድኳቸው።

«መጣሽ?» አሉ እህትየው በሩ ላይ።

«መጣሁ።»

ቤቱ ጢም ብሏል። የጌታን ሕማማት በየተራ የምናስብባቸውን አምስቱን የኀዘን ምሥጢራት ጀመርን። የአትክልቱ ስፍራ ጭንቀት አለፈ፣ ግርፋቱ አለፈ፣ የእሾህ አክሊሉ አለፈ። ታን ቢሴንታ ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ ትንሽ ተንከራተተና «አምስተኛው ምሥጢር፤ ጌታችን ተሰቀለ» አሉ። አባታችን ሆይን እስከ እኩሌታው ብለው የቀረውን ለኛ ተዉልን።

የሚቀበል ጠፋ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ከኋላ አንዱ «መስቀሉንስ ማን ተሸከመው?» ብሎ አንሾካሾከ። ታን ቢሴንታ አራተኛውን ምሥጢር፣ መስቀሉን መሸከሙን፣ መዝለላቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። የጸሎት መጽሐፉንም እኛንም አላዩም፤ እህታቸውን ብቻ እያዩ ጠበቁ። እኛም ሁላችን ወደዚያው ዞርን።

የታን ኢንግራሲያ አፍ ተከፈተ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ!» አሉ፣ የጣራውን ቆርቆሮ በሚያናውጥ ድምፅ፣ ምንም እንዳልጎደለ። ብቻቸውን ጀመሩት፤ ቤቱ ሁሉ ደንግጦ ተከተላቸው።

ጸሎቱ ሲያበቃ ታን ቢሴንታ በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ቅጠል በሰሃን አምጥተው እህታቸው ጉልበት ላይ አኖሩ።

«ብዪ፤ ከስተሻል።»

ታን ኢንግራሲያ በሉ። ወተቱ እንደቀጠነ እኔም በዓይኔ ብቻ አውቄዋለሁ፤ ሰሃኑን ግን ጠርገው መለሱት።

መኪና ውስጥ ስንገባ እጄን ያዙኝ።

«ሞተሩን አታስነሳ። አራተኛውን እንድገም። በስቅለት ቀን መስቀሉን መንገድ ላይ ጥለነው አንሄድም።»

ጀመሩ፤ እኔም ተቀበልኩ። ርቦኝ ስለነበር ፈጠንኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አውቄም ነው የፈጠንኩት። ዞረው አፈጠጡብኝ። የጭኔን ሥጋ ሊቆነጥጡ የተነሳው እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«እሑድ ትንሣኤ ነው፣ ኪን» አሉ በጥርሳቸው መሀል። «እሑድ እንነጋገራለን።»

ከሰላሳ ዓመት ጉርብትና በኋላ፣ እሑድን እንደዚያ ጓጉቼ ጠብቄ አላውቅም።