የመልአከ ስቱኮ ዓሣ

በዚህች አገር «አልቋል፤ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው» የሚል ባለሙያ ያላጋጠመው ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ሱሪውንም አልጋውንም ራሱ ነው የሚሠራው። የልብስ ሰፊውም የአናጢውም ብልሃት አንድ ነው፤ ሳይጀምሩት ጨረስነው ይሉሃል። የቁስቋም ሰፈሩ አያ ሰውአገኝ ግን ከሁሉም ይብሳሉ። እሳቸው በእውነት ጨርሰውት ነው የማይሰጡት።

ይህን የጎርጎራው ዓሣ አጥማጅ ወንዴ አሳምሮ ያውቃል። ጣናን የወረረው የእምቦጭ አረም መረቡን ጠልፎ ከቀዳደደበት ወዲህ፣ የቀረው አንድ ታንኳና አንድ ጥቅል ገመድ ብቻ ነበር። ትልቁ ነጭ ዓሣ ትንንሾቹን እያሳደደ የሚበላ ነውና፣ መንጠቆ ያላት የእንጨት ዓሣ ውሃው ውስጥ ቢጎትቱለት እውነት መስላው እንደሚጎርሳት ሰማ። ማን ይሥራልኝ ብሎ ሲያጠያይቅ፣ ሁሉም ወደ ቁስቋም ጠቆሙት።

አያ ሰውአገኝ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከዋንዛ እንጨት ጣት የምታህል ዓሣ ይቀርጻሉ፤ ስንጥቋን በስቱኮ ይደፍናሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፤ ይቀባሉ፤ ያደርቃሉ፤ እንደገና ያለሰልሳሉ፤ እንደገና ይቀባሉ። ለቅርፊቷ ያረጀ አጎበር ወጥረውባት ብርማ ቀለም ይነፉባታል፤ አጎበሩ ሲነሳ ቅርፊቷ አንድ በአንድ ተደርድሮ ይቀራል። ጎረቤቱ በዚህ የተነሳ «መልአከ ስቱኮ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። በማዕረጉ አይቆጡም፤ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ይቀበሉታል።

ወንዴ በጥቅምት አዘዘ። በኅዳር ሲመጣ ዓሣዋ ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ታብረቀርቃለች።

«እጅዎ ይባረክ! ልውሰዳት።»

«አንድ እጅ ቀለም ይቀራታል» አሉ መልአከ ስቱኮ።

በታኅሣሥ ሲመጣ አረንጓዴው ጀርባዋ ቡናማ ሆኗል።

«ምነው አያ ሰውአገኝ፣ ያኛው ሸጋ አልነበረም?»

«ለሰው ሸጋ ነበር። ዓሣ ግን እንደ ሰው በይሉኝታ አይጎርስም።»

በጥር ዓይኗ ወጥቶ ጠበቀው። «ስታፈጥ የቀበሌ ሊቀመንበር መሰለችብኝ» አሉ። ባለቤታቸው እማማ አመተ ሥላሴ ለወንዴ ጠላ እየቀዱ አጽናኑት፤ «ተው ልጄ፣ አትናደድ። ሠርጋችንንም ሦስት ጊዜ ነው ያራዘሙት። ግድግዳው አልደረቀም ብለው።»

የካቲት ገባ፤ ጾምም ተያዘ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እንተወውና፣ የጎርጎራ ሆቴሎች ግን ያለ ዓሣ አይውሉም። ወንዴ ለአንዱ ሆቴል «ቅዳሜ ማታ ትልቅ ዓሣ አመጣለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ባያመጣ ሌላ አጥማጅ እንደሚይዙ በግልጽ ነግረውታል።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ሰውአገኝ ቫርኒሽ ሊያመጡ ጓዳ ሲገቡ፣ ወንዴ ዓሣዋን ከገመዱ ፈታት። ሲወጡ እሱ በሩ ላይ ደርሷል።

«አንተ! አልደረቀችም እኮ!»

«ውሃው ውስጥ ትደርቃለች!»

እንዲህ ያለ ድፍረት ሰምተው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ብሩሻቸውንና ጠርሙሳቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተው ተከተሉት። ሚኒባሱ ውስጥ ዓሣዋን ተቀብለው እስከ ጎርጎራ ድረስ በመስኮት አውጥተው ነፋስ አስመቷት። አጠገባቸው የነበረው መንገደኛ መንጠቆዋን እየፈራ መንገዱን ሁሉ አንገቱን አጣሞ ተጓዘ።

አያ ሰውአገኝ ጣናን ከሩቅ እንጂ ታንኳ ላይ ሆነው አይተውት አያውቁም። ወንዴ መሐል ላይ አስቀመጣቸው፤ ቀዘፈ፤ ዓሣዋን ወረወራት፤ ቀስ እያለ ጎተተ። ባዶ። ደገመ። ባዶ። በሦስተኛው ገመዱ መዳፉን ሊቆርጠው ሲል ተወጠረ።

ብዙ ታገሉ። በመጨረሻ ክንድ የሚያህል ዓሣ ታንኳው ጎን መጥቶ ተኛ።

«የዓሣ መምቻውን ዱላ ያቀብሉኝ! ቶሎ!»

አያ ሰውአገኝ ዱላውን አላቀበሉም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በዓሣው ጀርባ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ ወንዴ» አሉ። «ቆይ እስቲ፣ አንዴ...»

ዓሣው አንድ ጊዜ ተገላበጠ፤ ሁለቱንም ውሃ አለበሳቸው፤ መንጠቆውን አውልቆ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወንዴ ዓሣውን ተከተል ብሎ ውሃው ውስጥ ይወረውረው ነበር። የሆቴሉን ቃል፣ የጥቅምትና የኅዳሩን ምልልስ፣ ሁሉንም ሊዘረግፍባቸው አፉን ከፈተ። ዘወር ሲል ሽማግሌው እርጥብ መዳፋቸውን እያዩ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሆዱ ነጭ አይደለም» አሉ። «ነጭ ዓሣ ትሉታላችሁ እንጂ፣ ነጭ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለ ወንዴ፣ ሊቆጣ በከፈተው አፉ።

«ከጉሮሮው ሥር ለጋ ቅቤ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ ወርቅ አለ፤ ወርቁ ግን ከላይ አልተቀባም፣ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ጀርባው...» መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። «ጀርባውን እኔ ቀላቅዬ አላውቅም።»

ከዚያ ስለ ክንፉ ጫፍ ጀመሩ። ስለ ዓይኑ ዙሪያ ቀጠሉ። ወንዴ መቅዘፉን ተወው፤ ታንኳው በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይዞር ጀመር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጣና ዓሣ ሲያወጣ የኖረው ሰው ጎንበስ አለና፣ አንዱ እንኳ ብቅ ቢል የጀርባውን ቀለም ሊያይ ውሃው ላይ አፈጠጠ።