የነቀምት ኮምፒውተር የተዘጋበትና የተከፈተበት ዜና

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለጓድ ዓምደሚካኤል። በአብዮት በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ በነቀምት በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ የሰብል ቆጠራ ሹም፣ የካኪ ግርማ፣ የስብሰባ አንበሳ የሆኑት ጓድ ዓምደሚካኤል፣ በመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ኮምፒውተር ላይ የሌላ እጅ እንዳያርፍ ብለው ሲበራ የሚጠይቀውን የምስጢር ቃል አኖሩበት፤ አኑረውም ለስብሰባ ወደ ዲጋ ወረዱ፤ ወርደውም ፋርሶ ጠጡ፤ ጠጥተውም ቃሉን ረሱ።

ወእምዝ ከአዲስ አበባ ቃል መጣ፦ “ከነገ ወዲያ እንጎበኛችኋለን፤ ኮምፒውተሩ ካልሠራ ለጅማ ይሰጣል!” ለጅማ! መርሳትን ማመን ለሹም አይገባምና ጓድ ዓምደሚካኤል አዋጅ አስነገሩ፦ “ያልሰማህ ስማ! ኮምፒውተሩ ሰፊውን ሕዝብ ሊፈትን ተነሥቷል። ቃል ያለህ ቃልህን ወርውር!”

ዘመቱም፤ በቀኝ የጽሕፈት መኪና እመቤት ሸዋጌጥ፣ በግራ የመፍቻ ጌታ መገርሳ፣ በኋላ ደጀን ሬድዮ ሻጩ ረዲ፣ ሱቁን ዘግቶ። “አብዮት” ቢሉት እምቢ አለ፤ “ምርት” ቢሉት እምቢ አለ። የሹሙ ሚስት ስም ተሞከረ፤ ሚስታቸው ያልሆነች የአንዲት ሴት ስምም ተሞከረ፤ ሸዋጌጥ ይህችን በልቧ ጠበቀቻት።

ያን ጊዜ ረዲ አወጀ፦ “ኦቦ ዓምዴ! ይሄ እንደኔ ሬድዮ ድንጋዩ ደክሞበት ነው እንጂ ምን ክፋት አለው? አውጡና ፀሐይ አሙቁት!”

መገርሳም የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ ትንሿን ባትሪ እንደ ክራንቻ ነቀላት፤ በመስኮቱ ደፍ ላይም አሰጧት፤ ጓድ ዓምደሚካኤልም ራሳቸው በወንበር ተቀምጠው ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ከዶሮ ጠበቋት።

ሲመልሷት ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ! ምቀኞች “ባትሪዋ ስትነቀል የያዘውን ቃል ረስቶ ነው” ይላሉ፤ እኛ ግን ፀሐይዋ ናት እንላለን። ዓመተ ምሕረቱንም ረስቶ በፈረንጅ 1980 ነው አለ፤ እነርሱም በእኛው ቆጥረው፣ ዘመኑ 1981 ነውና የአንድ ዓመት ስሕተት ለማን ብርቅ ነው ብለው ማሩት።

ጎብኚዎቹ መጡ፤ አዩ፤ አጨበጨቡ፤ ጅማም ባዶ እጇን ቀረች። ጓድ ዓምደሚካኤልም አዲስ ቃል አኑረው፣ ዳግመኛ እንዳይጠፋ በገበያ ቀን አስነገሩት፦ “የምስጢር ቃላችን ‘ጅማ’ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!”

ከዚያ ወዲህ ከነቀምት እስከ ዲጋ ቃሉን የማያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ግን ከሹሙ ክፍል አዋጅ ይወጣል፦ “ሸዋጌጥ! ያ ቃላችን ማን ነበር?”

ክብር ለጓድ ዓምደሚካኤል! ምስጢርን ከጠላት የሰወረ ብዙ ነው፤ ከራሱ የሰወረ ግን ከእርሳቸው በቀር በወለጋ ምድር አልተነሣም፤ አይነሣምም።