የቴክኖሎጂ ማኅበራችንና የእድሩ ጡሩምባ

እኛ አገር ሦስት ሰው ከተገናኘ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። ችግሩ አባል የሚሆን አራተኛ ሰው መጥፋቱ ነው! የአዳማ የሞባይልና ኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክም ይኸው ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለን መሠረትነው፤ አንበሳው ቀርቶብን፣ አባላቱን አንድ ቀን አንድ ላይ ማስቀመጥ አቃተን።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። ስብሰባ በቴሌግራም እጠራለሁ፣ ሁሉም አውራ ጣቱን ይልክልኛል። አውራ ጣት ብቻውን ወንበር ላይ አይቀመጥ ነገር! በመጨረሻ ፈቃድ የሚሰጠን ቢሮ ቆረጠ፦ እስከ ሐሙስ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ማኅበሩ ይፈርሳል። እኔ ደግሞ ማኅበሩን እወደዋለሁ። እውነቴን ነው፤ በዚህ ዓለም ያለኝ ሥልጣን እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ደረሰ፣ መሰብሰቢያችን በሆነው የጋሽ ሁሴን ሱቅ ሰው የለም። ሊቀመንበራችን ጋሽ ሁሴን ተስፋ ቆርጠው ስልካቸውን ዘጉና ዙህር ሊሰግዱ መስጊድ ሄዱ። እኔ ግን ወደ ሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ሮጥኩ። በየጥገና ሱቁ ደጃፍ እየነፋ "ጋሽ ሁሴን ሱቅ ድረሱ!" እንዲል ላክሁት።

ወይ ጉዴ! ጡሩምባ ከተነፋ ወዲያ ቀሪውን ማን ይሰማል? ያ ሞቶ የከረመ ቴሌግራማችን ባንዴ ነፍስ ዘራ፤ "ጋሽ ሁሴን አረፉ" ተባለ። የሙስሊም ቀብር ደግሞ አያድርም። ከወለንጪቲ ሳይቀር በሚኒባስ እየበረሩ መጡ። ስደውልለት የማያነሳው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ደረቱን ሲደቃ አየሁ። "ኧረ ተሳስታችኋል" ልል አፌን ስከፍት "አይዞህ፣ ቻለው" እያሉ አቀፉኝ። በሰው ትከሻ ላይ እንደተደፋሁ በዓይኔ ብቆጥር ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። የከፈትኩትን አፍ ለልቅሶ አዋልኩት።

ጋሽ ሁሴን ከሶላት በኋላ ሻያቸውን ጠጥተው ሲመለሱ ያን ሁሉ ሰው አይተው ደነገጡ። "ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ?" ብለው የወለንጪቲውን ገመቹን ጠየቁት። ገመቹ "ያ ዋቃ ኮ!" ብሎ አምላኩን በኦሮምኛ ጠርቶ ተጠመጠመባቸውና እያለቀሰ "እርስዎ ነዎት" አላቸው። ለቀባሪ ማርዳትስ ያለ ነው፤ ለሟቹ ሞቱን ሲያረዱት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ጋሽ ሁሴን ብልህ ናቸው፣ አልተቆጡም። ሁሉንም ሱቁ ውስጥ አስገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና "እንባችሁን ጥረጉ፣ ስብሰባው ተጀምሯል" አሉ። ማኅበራችን ተረፈ። እንዲያውም በእሳቸው ጥቆማ፣ በሙሉ ድምፅ እኔን ሊቀመንበር አድርገው መረጡኝ። ኮራሁ፤ እንዴት አልኮራ? ለካ ድካሜን የሚያይ አለ ብዬ ለምስጋና ስነሣ፣ ጋሽ ሁሴን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"የኔ ልጅ፣ የመጪው ዓመት ጉባኤም መሙላት አለበት" አሉኝ። "እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ አልሞት።"