ሰዓት ሠሪው አንድ እሑድ እንዴት እንዳረፉ

ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ በተበሳለት በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሩጫ፣ ሐኪም «በቀን ሠላሳ ደቂቃ ተራመድ» ብሎ ባዘዘ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ፈዋሴ ሰዓታት፣ መኰንነ ደቂቃ፣ ገባሬ መንክር በወረንጦ የተባሉት ጌታችን ሰዓት ሠሪው የፈጸሙትን ገድል እንጽፋለን። የሚስቅ ቢኖር መጀመሪያ ራሱ ይሞክረው።

ሐኪሙ ሠላሳ ቢል ጌታችን ሠላሳው ደግ ከሆነ ዘጠናውማ ምንኛ ደግ ነው ብለው፣ እርምጃውንም ለሽማግሌ ትተው፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ አሮጌ ቱታቸውን ለብሰው፣ በእንቅስቃሴ የሚሞሉትን የደንበኛ ሰዓቶች በግራም በቀኝም እጃቸው ሦስት ሦስት አስረው፣ ሥራና ጤና በአንድ ጉዞ ይፈጸም ዘንድ ይሮጡ ነበር። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ ሆዱ ከእርሱ ቀድሞ የሚደርስ ፀጉር አስተካካዩ፣ በአንድ ጉልበታቸው ብቻ የሚታመኑት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ ዕድሉን እየረገመ የሚከተል የሚስታቸው ወንድም፣ ከሁሉም ኋላ ማንም ያልጠራው የጎረቤት ውሻ። ከአርባው ቀን አንዱን እንኳ አላረፉም፤ ያረፈ ሰነፍ ይባላልና።

ወኮነ ፍርሃት ዐቢይ፤ ታላቅ ፍርሃት ሆነ። በአርባኛው ቀን ጌታችን በሱቃቸው ተቀምጠው፣ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ቢያነሡ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልከዳቸው እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ብሎኗም ዘልላ ጠፋች፤ ጌታችንም ተንበርክከው ወለሉን ሲዳብሱ ዋሉ። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንዲሁ ሆነች። እጄ ከሄደ እኔስ ምን እሆናለሁ ብለው በሩን ዘግተው አለቀሱ፤ ይህንንም ጸሐፊው ሳይሸሽግ ጻፈ።

በእራትም ሰዓት ማንኪያቸው ሳህኑን ሲያንኳኳ የሰሙት የቤቱ እቴጌ፣ በሥራቸው አዋላጅ፣ ድካምን ከፊት የሚያነቡ ባለቤታቸው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፤

«ስማ አንተ ሰውዬ! ነገ እሑድ ነው፤ በጧት ከአልጋህ ብትወርድ ወየውልህ! ሰዓት ከልኩ በላይ አትሙሉ፣ ጥምዝምዙ ሞላ ይበጠሳል እያልክ ስንቱን ደንበኛ ስትቆጣ ኖረህ፣ ራስህን ጠምዝዘህ ልትበጥስ ነው እንዴ? ከእንግዲህ በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ እሱም በእርምጃ። እሑድ እረፍት። ጫማህን ደብቄዋለሁ፣ አትልፋ!»

እሑድም ጎሕ ሲቀድ የጌታችን እግሮች ከራሳቸው ከጌታችን ቀድመው ነቁ፤ በብርድ ልብሱም ውስጥ መንገድ ጀመሩ። ሠራዊቱም በመስኮቱ ሥር ተሰልፎ ያስል ነበር። ጌታችንም ፈራ፣ አረጀ፣ በሚስቱ ታዘዘ ይሉኛል ብለው ሁለት ጊዜ ተነሡ፣ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ እያሰቡ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ተኙ። በሦስተኛው ግን ብርድ ልብሳቸውን እንደ ካባ ደርበው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ላባቸው ጠብ እያለ እንዲህ ሲሉ አወጁ፤

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዛሬ አልሮጥም። ደክሞኛል፣ እጄም እየተንቀጠቀጠ ነው። ያሰኘው ይሩጥ፤ እኔ ልተኛ ነው!»

ይህን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ፤ መምህሩ ጉልበታቸውን አቅፈው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ የእቴጌይቱ ወንድምማ አዋጁ ሳያልቅ ወደ ቤቱ ታጥፎ ነበር። ለካስ ሁሉም ከሦስት ሳምንት በፊት ማቆም ፈልገው፣ አንዱ ሌላውን እያፈረ ሲሮጥ ኖሯል። ውሻው ብቻ መንገዱን በሙሉ ሮጦ ተመለሰ።

ጌታችንም እስከ ረፋድ ተኙ፤ ሰኞ ከእቴጌይቱ ጋር ሠላሳ ደቂቃ ተራመዱ፤ ማክሰኞም እንዲሁ ተራምደው ወደ ሱቃቸው ገቡ፤ አራተኛዋን ብሎንም በአንድ ሙከራ ከቤቷ አገቧት፤ እጃቸውንም እያገላበጡ ሲያዩት ዋሉ።

እነሆ፣ መሮጥን ውሻም ያውቃል፤ ሠራዊት ደጅ ቆሞ እየጠበቀው ደክሞኛል ያለ ጀግና ግን ከእርሳቸው በፊት በሰፈሩ አልተነሣም። ስማቸው ከፍ ይበል፣ እጃቸው ይጽና፣ እንቅልፋቸውም ይጣፍጥ።